ለሂሩት አስተማሪ የቆምንበት ቅዳሜ

ይህ ነገር ለወግ ይበቃል አይበቃም እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ሰው አልሞተበትም፤ ሚኒስትር አልተሻረበትም። ለክፍል ጓደኛዬ ባጫወትኩት ጊዜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝና «እሺ፣ ከዚያስ?» አለኝ። ከዚያማ ምንም የለም። ሆኖም ያን ሰሞን በጭንቀት የበላሁትን ጥፍር ሳስብ፣ ቢያንስ አንድ አንባቢ ሊስቅበት ይገባል ብዬ ጀመርኩት። ባይስቅም አልቀየምም፤ መቀየም አልችልበትም።

ያን ጊዜ አሜሪካ አገር ኦክላንድ ውስጥ የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማለት ዓለም ሁሉ እየፈተነው የሚመስለው ሰው ነው። አስተማሪው ሲያስነጥስ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አውቶቡስ ስሳፈር ሾፌሩን አመሰግናለሁ፤ ስወርድ አመሰግናለሁ፤ አንድ ቀን ቀይ መብራት ሲያስቆመው ባመሰግነው፣ እስክወርድ ድረስ በመስታወቱ ሲከታተለኝ ነበር። ሰው «ትችላለህ?» ሲለኝ «እችላለሁ» የሚለው ቃል ቀድሞኝ ይወጣል፤ ምን እንደምችል በኋላ ቁጭ ብዬ አስባለሁ።

የተከራየሁት ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ያለ ቤት፣ የእትዬ ጥሩነሽን የጓሮ ክፍል ነበር። ባለቤታቸው ጋሼ መኰንን ለዶክትሬት እርሻ የሚያጠኑ ስለሆኑ ሳምንቱን ከከተማ ርቀው የቲማቲም ማሳ ላይ ይሰነብታሉ። እሑድ ይመጣሉ፤ ስለ ቲማቲም ያወራሉ፤ ይተኛሉ። ስለዚህ የቤቱ ጣጣ ሁሉ የእትዬ ጥሩነሽ ነበር። የእትዬ ጥሩነሽ ጣጣ ደግሞ ቀስ በቀስ የእኔ ሆነ።

ትልቁ ጣጣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሂሩት ናት። ሂሩት ቤት ውስጥ ሬዲዮ ናት፤ ያውም ማጥፊያ የሌለው። የትምህርት ቤቱን በር ስትረግጥ ግን አፏ ይቆለፋል። ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ከአፏ አንዲት ቃል የሰማ አስተማሪ አልነበረም። እንግሊዝኛው አልገባትም ብለው ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አስቀመጧት። እዚያም ዝም አለች። በመጨረሻ እናቷ ተጠሩና፣ እስከ ትምህርቱ መዝጊያ ካልተናገረች አእምሯቸው ዘገምተኛ ለሆኑ ልጆች ወደተከፈተው ክፍል እንደምትዛወር ተነገራቸው። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ዘገምተኛ» የሚለውን ቃል ለእናት መንገር ጨንቆኝ «ረጋ ያሉ ልጆች» ብዬ አለፍኩት። እትዬ ጥሩነሽ ግን የአስተማሪዋን ፊት እያነበቡ ነበር።

«እዚያ ክፍል የገባ ይወጣል?» አሉኝ መንገድ ላይ።

«ይወጣል፣ እትዬ።»

«አንተ ልጅ፣ ስትዋሽ ጆሮህን ትነካለህ።»

እጄን ከጆሮዬ አወረድኩ።

መላውን ያመጡት ጎረቤታችን ሚሲስ ኮልማን ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሕጉ ልጅን ቤት ማስተማር እንደሚፈቅድ፣ ግን የሚያስተምረው የመምህርነት ፈቃድ ያለው ሰው መሆን እንዳለበት፣ ያም በየቀኑ ሦስት ሰዓት እንደሆነ አስረዱን። «ፈቃዱ አለኝ፤ ልጅቷንም እወዳታለሁ» አሉ። «ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የሰው ልጆች እየጠበቅሁ ነው የቤት ኪራዬን የምከፍለው። እነሱን ትቼ በነጻ ብመጣ፣ ሂሩትን የማስተምራት እናንተ ቤት እየኖርኩ ይሆናል።»

እኔ በነጻ ላስተምር ብል ፈቃድ የለኝም። የጋሼ መኰንን ስኮላርሺፕ ደግሞ የወሩን መጨረሻ የሚያየው ከሩቅ ነው።

«ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኩ። አያችሁ? ወጣ።

በመጀመሪያ የሄድኩት ኮሌጃችን ውስጥ ለተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ወደሚሰጠው ቢሮ ነው። የተቀበለችኝ ሴት ፈገግታዋ ጥሩ ነበር።

«ለማን ነው እርዳታው?»

«ለሂሩት።»

«የምትማርበት ትምህርት ቤት?»

«ቤቷ።»

«የርእሰ መምህሩ ስም?»

እዚህ ላይ ባዶ መልስ መስጠት ነውር መሰለኝና «እትዬ ጥሩነሽ» አልኩ።

«ስንት ተማሪ አላችሁ?»

«አንድ። ግን ብዙ ታወራለች።»

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በቂ እንቅልፍ እንደማገኝ ጠየቀችኝና፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወዳለው አማካሪ ላከችኝ። አማካሪው ለተጨነቁ ተማሪዎች የተቀመጠ ነው። አልተጨነቅሁም ብዬ ልመለስ አሰብኩ፤ ግን ሰውዬው ወንበር ስቦ ሲጠብቀኝ አሳዘነኝ። ስለ ልጅነቴ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠኝ፤ ቅር እንዳይለው ተመለስኩ። እንዲያውም እስከ ፋሲካ ድረስ እየተመላለስኩ አስደስቼዋለሁ። ለሂሩት ግን ምንም አልተገኘም።

ቀጥዬ ወደ ወገን ዞርኩ። በአካባቢው ያለን ተማሪዎች ማኅበር ነበረን። ሁሉም ለሰፊው ሕዝብ የሚቆረቆር ስለሆነ ለአንዲት ልጅ አያንስም ብዬ በስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ። ጉዳዩን ተናግሬ ሳልቀመጥ አንዱ ተነሣ።

«ጓዶች፣ በግል አስተማሪ ቤት ተቀምጦ መማር የመሳፍንት ልጅ አስተዳደግ አይደለም ወይ?»

ሌላው ዘሎ ተነሣ። «የለም! ትምህርት ቤቱ የጨቋኞች መሣሪያ ስለሆነ ልጅቷ ከዚያ መውጣቷ ተራማጅ እርምጃ ነው!»

ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። በዕረፍት ሰዓት የዚህኛው ወገን መጥቶ «ከማን ጋር ነህ?» አለኝ፤ «ከእናንተ ጋር» አልኩ። የዚያኛውም መጣ፤ ለእሱም «ከእናንተ ጋር» አልኩ። ከዕረፍት መልስ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ብቸኛ ነገር እኔ አድርባይ መሆኔ ነበር። በመጨረሻ ማኅበሩ ለሂሩት የማያወላውል ድጋፉን በሙሉ ድምፅ ገለጸ። ድጋፉን ለሚሲስ ኮልማን ወስጄ አቀረብኩላቸው። አመሰገኑኝ፤ ግን የቤት አከራያቸው እንደማይቀበለው ነገሩኝ።

ያን ሰሞን ሂሩትን ጠዋት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። እስከ በሩ ድረስ በአማርኛ ስትለፈልፍ ትሄድና፣ በሩ ላይ ስትደርስ ውኃ እንደተዘጋበት ቧንቧ ጸጥ ትላለች። ከእሷ በአንድ ክንድ ከሚያንሱ ሕፃናት ኋላ ተሰልፋ ስትገባ ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆሜ አያለሁ። ክፍል ገብቼም አስተማሪዬ ስለ ሮም መንግሥት ውድቀት ሲያወራ፣ የሚታየኝ ያ «ረጋ ያሉ ልጆች» ያልኩት ክፍል ነው።

ሚሲስ ኮልማን ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። ሳን ሆዜ ውስጥ የውጭ አገር ተማሪዎችን ቤተሰቦች የሚረዳ የሴቶች ኮሚቴ አለ። ሊቀ መንበሯ ሚሲስ ዊትሎክ ይባላሉ። ስልክ ደውዬ እንግሊዝኛ ስላቃታት ልጅ ነገርኩ። ስልኩን ያነሡት ራሳቸው ናቸው፤ «ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ መጥተህ አስረዳን» አሉ። እየዘለልኩ ለእትዬ ጥሩነሽ ነገርኩ።

«ማን ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«እኔ ነኛ።»

«አንተ? ጢም እንኳ ሳታበቅል?»

«ኮል አድርጌ ነግሬያቸዋለሁ፤ ኑ ብለዋል እኮ።»

«ስልክ ሽማግሌ ነው? እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚጠየቅ። ብቻዬን ለምኜ ብከለከል ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ልኬ ብከለከል ግን ያፈረው ከልካዩ ነው።»

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ አይደለም ልላቸው ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለነው ሐበሾች አብዛኞቻችን ለግላጋ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ሽማግሌ መፈለግ በሐምሌ አቧራ እንደመፈለግ ነው። ቢሆንም ሦስት አገኘሁ። አንደኛው ታሪክ የሚያጠኑት ጋሼ ተድላ ናቸው፤ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል ተብለው ይታማሉ፤ እሳቸው አጥብቀው ይክዳሉ። ሁለተኛው ሳኒቬል ከተማ መሐንዲስ የሆነው አበራ ነው። ገና ሠላሳ አልደፈነም፤ ግን በዘራቸው ነውና ፀጉሩ ሸብቷል። ችግሩ ሽበቱን ቀለም እየቀባ ይደብቀው ነበር። ለምኜ፣ አስለምኜ፣ ቀለሙን እንዲተው አደረግሁት። የወደዳት ልጅ «አባቴን መሰልከኝ» ብላው ነበርና እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ሦስተኛው ጌታሁን ነው። ከትምህርት በኋላ የኦክላንድ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ጎረምሳ ነው፤ ነገር ግን ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ተሰብሮ ከዘራ ይዞ ነበር። «ከዘራ የያዘ ሰው ዕድሜው አይጠየቅም» ብለው እትዬ ጥሩነሽ አጸደቁት።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ጥሩነሽ ከሻንጣ ሦስት ጋቢ አወጡ። ለሽማግሎቹ በሱፍ ልብሳቸው ላይ ደረቡላቸው። ከዚያ ሂሩትን አጣጥበው «እሷንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ዓይኗን ሲያዩ ይራራሉ» አሉ። አምስታችን ከነጋቢውና ከነከዘራው በአበራ ትንሽ ቮልስዋገን ታጨቅን። ሂሩት እስከ ሳን ሆዜ ድረስ ስታወራ፣ እኔ ደግሞ በልቤ የማስተረጉመውን ስለማመድ ሄድን።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሦስቱም የተማሩ ናቸው፤ አስተርጓሚ ለምን አስፈለጋቸው?» ይል ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ጋሼ ተድላ «ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም» አሉ። «በእንግሊዝኛ ስናገር ተማሪ ነው የምሆነው። እኛ በአማርኛ እንናገራለን፤ አንተ ታደርሳለህ። ማንም አፉን በእንግሊዝኛ እንዳይከፍት!»

ኮሚቴው የሚሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ስድስት ወይዘሮዎች ጠረጴዛ ከበው ነበር። ብስኩት ቀርቧል። ሚሲስ ዊትሎክ ብድግ ብለው «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ» አሉ። አንድ ልጅ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ጋቢ የለበሰ ጉባኤ ስለገባባቸው ትንሽ ደንግጠዋል፤ ግን ጨዋ ናቸው።

ማንም አልተቀመጠም። በእኛ አገር ደጅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ማን ያጣዋል? ባለቤቱ ተቀመጡ ይላል፤ ሽማግሌው አይሆንም ይላል፤ በዚህ ውስጥ ክብርም ልመናም አለ።

«የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም በልልኝ» አሉ ጋሼ ተድላ።

እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «የጠየቅነውን እስክትሰጡን ድረስ አንቀመጥም ይላሉ» አልኩ።

ወይዘሮዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ያን ዘመን በዚያ አካባቢ ተማሪዎች የአንዱን ኮሌጅ ቢሮ ሳይወርሩ፣ አንዱን በር ሳይዘጉ የሚያልፍ ወር አልነበረም። ልዩነቱ እነሱ አንነሣም ይላሉ፤ የእኛዎቹ አንቀመጥም አሉ።

«ይህ ... የተቃውሞ ሰልፍ ነው?» አሉኝ ሚሲስ ዊትሎክ ቀስ ብለው።

ቅር ላሰኛቸው አልፈለግሁም። «እንደ ፈቀዱ» አልኩ።

ጋሼ ተድላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም። እኛም ብንተባበር ነው።»

«አንድ እንጨት አይቃጠልም ይላሉ። ብዙ ሆነን ግን እናቃጥላለን።»

ዳር የተቀመጡት ወይዘሮ ቦርሳቸውን አቀፉ። አበራ በጋቢው ውስጥ በክርኑ ደቆሰኝና «ኧረ እንደዚያ አትበል፣ አንተ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ዝም! በእንግሊዝኛ እንዳትናገር ተብለሃል» አሉት ጋሼ ተድላ።

«በአማርኛ እኮ ነው የተናገርኩት!»

ወይዘሮዎቹ ሽማግሎቹ የቆሙት ወንበሩ ስላልተመቻቸው መሰላቸውና የተሻሉ ወንበሮች አመጡ። ቆምን። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ተጠራ፤ መጣና የጌታሁንን ከዘራ አይቶ አዘነለት፤ ሄዶ ከቄሱ ቢሮ ባለ ድጋፍ ሶፋ እየገፋ አመጣ። ጌታሁን ሶፋውን አይቶ ሊያለቅስ ደረሰ።

«ጋሼ ተድላ፣ እግሬ ሞተ።»

«ቁም!»

«በአንድ ጎኔ ልደገፍ?»

«ሽማግሌ አይደገፍም።»

«እኔ እኮ ሃያ አራት ዓመቴ ነው!»

«እስከ ማታ አርባ ነው። ቁም።»

ሚሲስ ዊትሎክ ወደ ስልኩ ማየት ጀመሩ። ፖሊስ ቢመጣ፣ ከኮሌጅ ብባረር፣ ጋሼ ተድላ ከነጋቢያቸው ቢታሰሩ፣ ለእትዬ ጥሩነሽ ምን እላለሁ? ከሁሉ በላይ ሂሩት ያ ክፍል ውስጥ ልትቀር ነው፤ ያስቀረኋት ደግሞ በእኔ እንግሊዝኛ ነው።

«እሳቸው እንደዚያ አላሉም» የሚል ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ከኋላዬ ተሰማ።

ዞርኩ። ሂሩት ናት። ግማሽ ብስኩት በእጇ ይዛለች።

«ጋሼ ተድላ ምንም ነገር አያቃጥሉም» አለች፣ በዚያው በእንግሊዝኛ። «አንድ ሰው ብቻውን አይችልም ማለታቸው ነው። የቆሙት ስለተቆጡ አይደለም፤ ስለሚያከብሯችሁ ነው። እሺ ካላችሁ ይቀመጣሉ። ጌታሁን እግሩን አሞታል፣ እባካችሁ ቶሎ ወስኑ።»

ሦስቱ ሽማግሎች እንደ ሐውልት ቀሩ። እኔ በደስታ ልጮህ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጩኸቴን ዋጥኩት። የለመንነው ልጅቷ እንግሊዝኛ አትችልም ብለን እኮ ነው!

ሚሲስ ዊትሎክም ወዲያው ደረሱበት። «ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ ትናገራለች።»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጎንበስ ብለው ሂሩትን «ታዲያ ትምህርት ቤት ለምን አትናገሪም?» አሏት።

ሂሩት ብስኩቱን አየችው። «መጀመሪያ አልችልም ነበር፤ ዝም ብዬ እሰማ ነበር። በኋላ ቻልኩ። ግን እስክችል ድረስ ሁሉም አትችልም ብለው ጨርሰው ነበር። አስተማሪዋ ስታናግረኝ ትጮሃለች፤ በጣም ቀስ ትላለች። አሁን ድንገት ብናገር፣ እስከ ዛሬ ትችይ ኖሯል ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። ልጆቹም ይስቃሉ። አፈርኩ።» ትንሽ አሰበችና «ሚሲስ ኮልማን ቤት ካስተማሩኝ ግን፣ ስመለስ ቤት ነው የተማርኩት እላለሁ። ያን ጊዜ አያሳፍርም» አለች።

ሚሲስ ዊትሎክ ቀና ብለው ባልንጀሮቻቸውን አዩ። «ባለቤቴ በተዋወቅን ሰሞን ስሜን አሳስቶ ይጠራኝ ነበር» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን ሳላርመው ቀረሁ፤ በሁለተኛው ቀን ማረም አሳፈረኝ። ትክክለኛ ስሜን ያወቀው ሠርጋችን ሲቃረብ ከእናቴ ነው።»

ወይዘሮዎቹ ሳቁ፤ ቦርሳ ያቀፉትም ሳይቀሩ። እጅ ወጣ። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ የሚሲስ ኮልማንን ክፍያ ኮሚቴው እንዲችል ተወሰነ።

«እሺ ብለዋል፤ አሁን ተቀመጡ» አልኩ።

«ሳይመረቅ?» አሉ ጋሼ ተድላ፤ እጃቸውን ዘረጉና ምርቃቱን ጀመሩ። ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን፣ አዝመራቸውን መረቁላቸው። ሂሩት እያስተረጎመች፣ ወይዘሮዎቹ «ኤሜን» እያሉ፣ ነገሩ ሞቅ አለ። ጌታሁን አዝመራው ላይ ሲደርሱ ሶፋው ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ጭንቀቴ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ቤት መቀመጧ ይባስ ልጅቷን ዝም ቢያሰኛትስ? ሚሲስ ኮልማን በየጠዋቱ መጡ። እኔም ከክፍል ስመለስ በር ላይ ቆሜ እያዳመጥኩ፣ ድምፅዋን ስሰማ ብቻ ወደ ክፍሌ እገባለሁ። በክረምቱ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ቤት መጥተው መርምረዋት ከእኩዮቿ ጋር አራተኛ ክፍል እንድትገባ ፈቀዱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችም። እትዬ ጥሩነሽ በመጀመሪያው ቀን «እስቲ ሄደህ እይልኝ፤ እኔ አልችልም» አሉኝ።

ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። የዕረፍት ደወል ተደወለ። ልጆቹ ወጡ። ሂሩትን ከብዙ ፈልጌ አገኘኋት፤ ገመድ ከሚዘሉ ልጃገረዶች መሐል ነበረች፤ ዝም ብላለች። ተራዋ ደረሰ። አንዲት ልጅ ገፋ አድርጋት ገባች። ጥፍሬን ወደ አፌ አነሣሁ።

ከዚያ የሆነውን ግቢው ሁሉ ሰማው። ሂሩት ተራ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደነበረ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ አንድ በአንድ ዘረዘረች፤ ሌላ ሰው ለመናገር ቀዳዳ አላገኘም። አስተማሪዋ ፊሽካ ነፍታ ሮጠች። ሂሩት መሐል ላይ አጥሩ ጋ አየችኝና «ጎ ሆም፣ ጋሼ! አንተ ክላስ የለህም?» ብላኝ ወደ ክርክሯ ተመለሰች።

እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ምን ሆነች? ተናገር እንጂ!»

«አስተማሪዋ ተቆጣቻት፣ እትዬ።»

«ውይ! ምን ብላ?»

«ዝም በይ ብላ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እውነትህን ነው? ዝም በይ አለቻት? የእኔን ልጅ?»

«ሁለት ጊዜ።»

እልልታቸውን ሰምተው ሚሲስ ኮልማን በመስኮት ብቅ አሉ። ቀኑ ጳጉሜ 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ነበር።